መኪናና ቤተሰብ፦ ማርሹ ሲንኳኳ ሙዚቃውን አትጨምሩ

ባለፈው ወር ስለ ጎማ ነፋስ ተነጋግረን ነበር። የዛሬው ጉዳያችን ከአንድ አባትና ከልጃቸው ይጀምራል።

አባትየው አገር ቤት ሳሉ በአዲስ አበባ–አሰብ መስመር ለብዙ ዓመት ከባድ መኪና ያሽከረከሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ሁለት ሰመር ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አንዲት አሮጌ ማንዋል መኪና ገዛ። አባት ደስ አላቸው። «ልጄ ፍሪሲዮን መርገጥ ቻለ» ብለው ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ አወሩ።

ደስታው የቆየው ልጁ የፋብሪካውን ማርሽ አውጥቶ ሾርት ሺፍተር የሚባለውን እስኪገጥም ድረስ ነው። ቪዲዮ እያየ፣ አፓርታማው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በአንድ ቀን ገጠመው። ማርሹ እውነትም አጠረ። ግን መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ከመሀል ኳኳታ ይነሳል፤ እጅ ማርሹ ላይ ሲያርፍ ደግሞ እስከ ክርን ድረስ ይነዝራል።

አባት «የፋብሪካውን ለምን ነካኸው? ይቺን ቆርቆሮ ሽጣት!» አሉ። ልጅ «አባዬ፣ ኖርማል ነው» አለና ሙዚቃውን ጨመረ። በአንድ ቤት እየኖሩ ሦስት ሳምንት ሰላምታ ብቻ ሆኑ። በመጨረሻ ሁለቱንም ይዘው፣ እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ ቅዳሜ ጠዋት የመጡት እናትየው ናቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አባትም ልጅም በከፊል ትክክል ነበሩ። ለምን እንደሆነ እንይ።

ንዝረትና ኳኳታ አንድ አይደሉም

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል። የዙር መቁጠሪያው 3,000 ሲያሳይ ሞተሩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ይህ ምት ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ ደግሞ ወደ ማርሹ ዘንግ ያልፋል። የፋብሪካው ማርሽ ምቱን ከእጃችን የሚያርቀው በጎማ ነው። ዘንጉ መሀል፣ መሠረቱ ሥርና መገናኛዎቹ ላይ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ እንላቸዋለን።

ሾርት ሺፍተር የዘንጉን መዞሪያ ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ከመዞሪያው በታች ያለውን ክፍል ያስረዝማል። በዚህም የተነሳ እጃችን ትንሽ ሲንቀሳቀስ ታች ያለው ብዙ ይሄዳል። ማርሹ ያጥራል፤ በምትኩ ትንሽ ይከብዳል። ብዙዎቹ ደግሞ ጎማውን አስወጥተው በጠንካራ ፕላስቲክ፣ በናስ ወይም በአሉሚኒየም ይተኩታል። ያን ጊዜ እጅ ላይ የሚሰማው ንዝረት አዲስ የመጣ አይደለም። ድሮም ነበረ፤ የሸፈነው ጎማ ነው የተነሳው። «ኖርማል ነው» ያለው ልጅ እዚህ ላይ እውነት አለው።

ኳኳታ ግን ሌላ ነገር ነው። ኳኳታ ማለት ሁለት ነገሮች መሀል ክፍተት አለ፣ እየተጋጩም ነው ማለት ነው። ወይ የላላ ቡሎን አለ፣ ወይ የጎደለ ዕቃ አለ፣ ወይ ዘንጉ የማይገባው ቦታ እየነካ ነው። ይህ በሙዚቃ አይሸፈንም። እዚህ ላይ ደግሞ እውነቱ የአባት ነው።

መጀመሪያ መስማት

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። መኪናውን ደጅ፣ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ መልሱ። አንድ ሰው ሾፌሩ ቦታ ተቀምጦ ነዳጁን ቀስ እያለ ይስጥ፣ ሌላው ያዳምጥ።

አንደኛ፣ እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ነካ አድርጉት። ኳኳታው ጸጥ ካለ ችግሩ እጀታው ወይም ዘንጉ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክና የቆዳ ሽፋን በመዳፍ ተጫኑ። ጸጥ ካለ ማርሹ ንጹሕ ነው፤ የሚጮኸው ሽፋኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ። ድምፁ ከጠፋ ነገሩ ከማርሹ ዘንግ አልፏል፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ወይም ፍሪሲዮኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ እናንተ አቁሙና ለመካኒክ አሳዩ።

አራተኛ፣ እየነዳችሁ ሞክሩት። ነዳጅ ስትሰጡ የሚጮኽ፣ እግራችሁን ስታነሱ ዝም የሚል ከሆነ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚይዙት የጎማ መቀመጫዎች ማርጀታቸውን ጠርጥሩ። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲወዛወዝ ማርሹንም አብሮ ይጎትተዋል።

ከላይ ወደ ታች ማስተካከል

ሁልጊዜ ከቀላሉ ጀምሩ።

እጀታው፦ ጥርሱ ከዘንጉ ጥርስ ጋር ካልገጠመ ሁሌም ይላላል። ብዙ የሆንዳ መኪኖች 10 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.5 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ያለው ዘንግ አላቸው፤ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ደግሞ 12 በ1.25 ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ለኩ። ከሥሩ ማጥበቂያ ዳዶ ካለ እጀታውን ተቃራኒ አድርጋችሁ አጥብቁት። ከበድ ያለ እጀታም ንዝረቱን ሊያለዝበው ይችላል።

ሽፋኑ፦ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ የሚነካካበት ቦታ ላይ ቀጭን የጨርቅ ቴፕ ለጥፉ። በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው።

መዞሪያው ኳስ፦ ዘንጉ የሚዞርበት ኳስና መቀመጫው ከደረቁ ወይም ከቆሸሹ ይንቋቋሉ። አውጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ግራሶ ቀቡ። ጎማና ፖሊዩሬቴን ላለበት የሲሊኮን ግራሶ ይሻላል፤ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። ዘንጉን ወደ ላይ ሳብ፣ ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወት ከሆነ ሞላው ወይም መያዣ ቀለበቱ ቦታው ላይ የለም።

መሠረቱ፦ የማርሹ ቤት ወለሉ ላይ በጥቂት ቡሎኖች ይታሰራል። ሁሉም መኖራቸውንና እኩል መጥበቃቸውን እዩ። ልኩን ከዕቃው ጋር ከመጣው ወረቀት አንብቡና በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። በጉልበት ብቻ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

መገናኛው፦ አንዳንድ መኪና በሁለት ኬብል፣ አንዳንዱ በብረት ዘንግ ከካምቢዮ ጋር ይገናኛል። ኬብል ከሆነ ጫፎቹ ላይ ያሉት ጎሚኒዎችና ክሊፖች መኖራቸውን ተመልከቱ። ዘንግ ከሆነ በእጃችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት፤ የሚንኳኳ ከሆነ ሮንዴላ ጎድሎታል ወይም ቡሎኑ ላልቷል።

ጭስ ማውጫው፦ ሾርት ሺፍተር ከታች ስለሚረዝም የጭስ ማውጫውን የሙቀት መከላከያ ላሜራ ሊነካ ይችላል። ላሜራው ላይ አዲስ ጭረት ካያችሁ ሌባውን አገኛችሁት።

አደራ፣ ከመኪና ሥር ስትገቡ ክሪክ ብቻ አምናችሁ አትግቡ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አይደለም። በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉት፣ ጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ልጆች በዚህ ሰዓት መሣሪያ ማቀበል ይችላሉ፤ ሥሩ ግን አይገቡም።

ሁለት ነገር ደግሞ አታድርጉ። አንደኛ፣ ቡሎኑን የሚያጣብቀውን ቀዩን ፈሳሽ አትጠቀሙ፤ ሲፈለግ በእሳት ካልተሞቀ አይፈታም። ሰማያዊው ይበቃል፤ እሱንም ፕላስቲክ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱን ያሰነጥቃል። ሁለተኛ፣ ክፍተቱን በስፖንጅ ጠቅጥቃችሁ ዝም አታሰኙት። ማርሹ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ካደረገ ካምቢዮውን ታበላሻላችሁ።

ቅዳሜ ያገኘነው

ወደ አባትና ልጅ እንመለስ። ልጁ እየነዳ፣ አባት አጠገቡ፣ እኔ ኋላ ሆነን ወጣን። ሙዚቃውን አጠፋነው። አባት መዳፋቸውን ማርሹ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው «ይሄ ካምቢዮ አይደለም። ታች፣ ከመገናኛው ነው» አሉ። ልጁ ዞር ብሎ አያቸው። «መንገዱን እይ!» አሉት።

ተመልሰን መኪናዋን አነሳናት። የማርሹን ዘንግ ከካምቢዮ የሚያገናኘው ቡሎን ላይ ያለው ዳዶ በጣት የሚዞር ሆኗል። ሁለት ሦስት ጥርስ ነበር የቀረው። እሱ ቢወድቅ ሃይዌይ ላይ ማርሹ እጁ ውስጥ ባዶ ይቀር ነበር።

«እዚህ ጋ ሮንዴላ የለውም?» አልኩት።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ የመኪናውን ኪስ ከፍቶ አንዲት ትንሽ ፌስታል አወጣ። ውስጧ ሁለት ሮንዴላዎች አሉ። «ትርፍ መስለውኝ ነበር» አለ።

ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አባት ግን ሮንዴላዎቹን ተቀብለው በሸሚዛቸው ጠረጓቸውና «እኔም አንድ ጊዜ አዋሽ በረሃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ረስቼ አድሬአለሁ» አሉ። ልጁ ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም ነበር። እሳቸው መብራት እየያዙ፣ እሱ ሮንዴላዎቹን አስገባ፣ አዲስ ዳዶ አጠበቀ። ከሰዓት የፈጀው ያ ብቻ ነው፤ ወጪውም የአንድ ዳዶ ዋጋ ነው።

ኳኳታው ጠፋ። ንዝረቱ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ጠንካራ ብረት ነውና። ልጁ ካልወደደው መሠረቱ ሥር የፋብሪካውን ጎማ መመለስ እንደሚችል ነገርኩት። አስቦበት በቀጣዩ ሳምንት መለሰው። ሲመለሱ መኪናዋን የነዱት አባት ናቸው።

ወጣቶች፣ ዕቃ ገጥማችሁ ስትጨርሱ የተረፈ ነገር ካለ ሥራው አላለቀም። ከ100 ማይል በኋላም ቡሎኖቹን ደግማችሁ ፈትሹ፤ መኪናው ላይ ለውጥ ማድረጋችሁንም ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ። ወላጆች፣ «ሽጠው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ዙር አብራችሁ ውጡ። ያያችሁት መንገድና የለመደ እጃችሁ ከቪዲዮ የማይገኝ ነገር ያውቃሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ለልጆች፦ የጋራዥ ቃላት

አባባ ወይም እማማ መኪና ሲሠሩ የሚሏቸው ብዙ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካምቢዮ ማርሾቹ ያሉበት ሣጥን ነው። ፍሪሲዮን ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠው ነው። ቡሎንና ዳዶ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይገባል። ሮንዴላ በመሀላቸው የምትቀመጠው ጠፍጣፋ ቀለበት ናት። ካቻቢቴ ብሎን መፍቻ ነው። እስኪ ዛሬ ማታ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» የሚለውን ማን እንደሚያውቅ ቤት ውስጥ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ፍሬን ሸራ እንጫወታለን። እስከዚያ በሰላም ንዱ፣ ቀበቶ እሰሩ።