ስንቅ ይዞ መዝናናት

ዛሬ ስለ ስንቅ እናነባለን።

በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፥ ዲዝኒላንድ የሚባል ሰፊ የመጫወቻ ሥፍራ አለ። በ1955 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ይውላሉ። መግቢያው ውድ ነው። ውስጥ የሚሸጠውም ምግብ ውድ ነው። አምስት ሆነው ሁለት ጊዜ ከበሉ ወጪው ይከብዳል። የልጅ ሆድ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ስንቅ ነዋ! እዚያ ምግብና ውሃ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ግን ደንብ አለው። የጠርሙስ ዕቃ ክልክል ነው። የአልኮል መጠጥም ክልክል ነው። ካልሞቀ የማይበላ ምግብ አይገባም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ከቤት ሳይወጡ ማንበብ ነው። ያላነበበ ሰው የያዘውን በር ላይ ያስቀራል።

ምን እንያዝ? ዳቦ፥ ቆሎ፥ ሙዝና ብርቱካን ደህና ናቸው። ሥጋና ወተት ግን ያሰጋሉ። የበሰለ ሥጋ ሳይቀዘቅዝ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ አይበላም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ፥ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሽታው ባይለወጥም ሆድ ያማል።

ለሩቅ ገበያ ወይም ለንግሥ ስንሄድም ነገሩ ያው ነው። «ስንቅ በአህያ፥ አመል በጉያ» ይባል የለ? አህያ ባይኖር ዘንቢል አለ።

ጥያቄ፦ ለቤተሰባችሁ የአንድ ቀን ስንቅ ስንት ብር ይፈጃል? እያንዳንዱን ጽፋችሁ ደምሩ። ምግብ ቤት ቢበላስ ስንት ይሆናል? ቀንሳችሁ ልዩነቱን አሳዩን።