የዒድ ማታው መለኪያ

ጋይንትም ሆነ እስቴ፣ ረመዷንን በጾምና በተራዊሕ አሳልፎ በዒድ ማታ ከጓደኞቹ ጋር አረቄ የሚቀምስ ልጅ የለም የሚል ወላጅ ራሱን ያታልላል።

«አንድ ቀን ምን ይጎዳል?» ይላል ልጁ። ይጎዳል። አረቄ ሲገባ ጉበት ሌላ ሥራውን ትቶ እሱን ማስወገድ ይጀምራል፤ ስኳር ሠርቶ ወደ ደም መልቀቁ ይዳከማል። ባዶ ሆዱን በብዛት የጠጣ ወጣት፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ስኳሩ ወርዶ ሊዝለፈለፍ ይችላል። ያየው ሰው ግን «ሰክሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ጥናት፣ ለ3 ቀናት አልኮል በብዛት የተሰጣቸው አይጦች አልኮሉ ከደማቸው ከጠፋ በኋላም ኢንሱሊን በወጉ እንዳልሠራላቸው አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም «ሲነጋ ይለቃል» የሚለውን ያጠራጥራል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። መታወቂያ የሚጠይቅ አረቄ ቤት ግን አላየሁም። ነገሩ ወደ ቤት ይመለሳል።

ሐራምነቱ አያከራክርም። ነገር ግን ቁጣ ብቻ የሰማ ልጅ የሚተወው መጠጣቱን ሳይሆን መናገሩን ነው፤ ታሞ እንኳ ወደ ቤቱ አይመጣም። ከኢፍጧር በኋላ ቡናው ሲፈላ አባት ሳይቆጣ ይጠይቀው፦ ዒድ ማታ የት ነው የምታመሸው? ከእነማን ጋር?