«ጾመሃል?» ብቻ
ፍልሰታ ላይ ውርጌሳ አንድ ቤት እንግዳ ነበርኩ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ቅዳሴ እስኪያልቅ ውሃ አልቀመሰም። እናቱ ለጎረቤት ሁሉ «የኔ ልጅ እኮ!» ትላለች፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ይዞራል። ለጾም ያልደረሰችው ታናሽ እህቱ ግን ዳቦ ደብቃ ለራበው እረኛ ስትሰጥ ተያዘች። «ሌባ!» ተብላ ተቆነጠጠች።

እንዴ ጎበዝ! ሳትጠይቅ መውሰዷ ጥፋት ነው፣ አልካድኩም። ጾሙም ይቅር አላልኩም። ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለችው መበለት የተመሰገነችው በሁለቱ ናስ ብዛት ነው እንዴ? እኛ ልጆቻችንን «ጾመሃል? ተሳልመሃል?» እንላለን እንጂ «ለማን ብለህ?» አንልም። (ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የእኔም ፈተና ከዚህ አይሻልም ነበር።) ልጁ የጾመው ለጎረቤት ከሆነ ያስተማርነው ጾምን ሳይሆን ጭብጨባን ነው።

እናቲቱን «እስቲ ለምን እንደወሰደች ጠይቂያት» አልኳት።

«ጋሼ ደግሞ! ልጅ ምን ምክንያት አለው?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።