ያንጸባረቀ ሁሉ ንጹሕ ነው ያለው ማነው?

«ቀለህ ማጽዳት ሳህን ከማጠብ በምን ይለያል?» የሚሉ አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች አሉ። ተኩስ መለማመጃ ሥፍራ የወደቀውን የጥይት ቀለህ ለቅመው፣ ቤታቸው አጽድተውና አዲስ ባሩድ ሞልተው መልሰው ይተኩሱበታል። በዚያ አገር የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነውና ሥራውን አልነቅፍም። ከሳህን እጥበት ጋር መመሳሰሉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ለምን ቢሉ፣ ቆሻሻው የወጥ ቅባት አይደለም። ከቀለሁ ግርጌ ተቀምጣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ካፕሱል በአብዛኛው የእርሳስ ውህድ አለባት። ጥይቱ ሲተኮስ ተቃጥላ ጥላሸቷን ቀለሁ ውስጥ ትተዋለች። አጽጂው ቀለሁን ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ማሽን ውስጥ ጨምሮ ለሰዓታት ያንቀጠቅጠዋል። ናሱ ወርቅ መስሎ ይወጣል። እርሳሱስ የት ሄደ? የትም አልሄደም! ወደ ቆረቆንዳው ተዛወረ፤ ቆረቆንዳው ሲነፋ አቧራ ሆኖ ቦነነ፤ ምንጣፉ ላይ፣ ልብሱ ላይ፣ እጁ ላይ አረፈ።

ሜሪላንድ በአንድ ወዳጄ ቤት ይህ ሁሉ የሚሠራው ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ነው። ገና የምትድህ ልጅ አለችው። ብነግረው «አሥር ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ምን ሆንኩ?» አለኝ። የአባትየው ጤና ለልጅቱ ዋስ ሊሆን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳም ያስጠነቅቃል።

ማንጸባረቁም ቢሆን ያታልላል። ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ ውስጥ ያከማቸው ጥይት ቀለሁ እየተሰነጠቀ ያስቸግረው ነበር። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ተብራራ፤ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ኖሯል። እንግዲህ አሞኒያ ባለበት የናስ ማጽጃ ቀለሁን የሚወለውል ሰው ምን እያደረገ ነው? እያሳመረ እያዳከመው ነው።

«ቁጠባ ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ቁጠባ ከሆነ ሒሳቡ ይሟላ። ከመኖሪያ የተለየ ክፍል፣ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ለብቻው የሚታጠብ ልብስ ይታሰብ። በውኃ ማጽዳት አቧራውን ይቀንሳል፤ እጣቢው ግን እርሳስ አለበትና ወጥ ቤት አይደፋም። ይህን ማሟላት ያልቻለ አዲስ ጥይት ይግዛ። ከጥይት ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ የልጅ አእምሮ አይመነዘርም።