ዝምድና ያጋልጣል፤ ጫማ ይጠብቃል

እግሩ ያበጠና ቆዳው የሻከረ ሰው ሲያልፍ «ዘራቸው ነው»፣ «እርግማን ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ይህ አነጋገር በወላይታም ሆነ በሌሎች የአገራችን አካባቢዎች ብዙዎችን ከትዳር፣ ከገበያና ከትምህርት ገበታ አርቋል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝም አያመጣውም።

መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበትና ዝናብ በሚበዛበት ከፍታ ቦታ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ በኩል ይገቡበታል። ሰውነት ሲቆጣ የሊምፍ ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እግር ያብጣል። የወላይታ ደጋማና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ለዚህ ምቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ የበሽታውን ስርጭት 5 ነጥብ 46 በመቶ አድርሶታል።

ታዲያ አንድ ማሳ በባዶ እግር ከሚያርሱ ጎረቤታሞች አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተወው ለምንድን ነው? መልሱ በከፊል በሕዋሳችን ባሕርይ ላይ ይገኛል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ከወላይታ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው ውጤቱን በታዋቂ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ልዩነቱ የታየው ኤች ኤል ኤ የተባሉትን ሞለኪውሎች በሚወስኑት ዘረ መሎች አካባቢ ነበር። እነዚህ ሞለኪውሎች በመከላከያ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ሆነው ወደ ሰውነት የገባን ባዕድ ነገር ለሌሎች ተከላካይ ሕዋሳት ያሳያሉ። ስለዚህ አንዱን አፈር የአንዱ ሰው ሕዋስ ቸል ሲለው የሌላው ሊቆጣበት ይችላል ማለት ነው።

ይህን ግኝት አጣሞ መረዳት ግን ከበሽታው የማይተናነስ ጉዳት አለው። «በዘር ነው» የሚለውን የቆየ ወሬ ሳይንስ ያጸደቀው የሚመስለው ሰው ይኖራል። በወላይታ የናሙና ፈቃድ አሰጣጥን የመረመረ ሌላ ጥናትም ነዋሪዎች የዘረ መል ምርምሩ መገለሉን ያባብስብናል ብለው እንደሰጉ ዘግቧል። ስጋታቸው ተገቢ ነበር። በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ተጋላጭ የሆነ ሰው እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም፤ የመጨረሻው ቃል የጫማ ነው።

ናሙና ስትጠየቁም መጠየቅ መብታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ከሄንሪታ ላክስ ሰውነት ያለ ፈቃዷ የተወሰዱ የካንሰር ሕዋሳት እስከ ዛሬ በዓለም ላብራቶሪዎች ይራባሉ። ለሕክምና ብዙ ጠቅመዋል፤ ቤተሰቧ ግን ለረጅም ዓመታት አላወቀም። እናንተም ናሙናው ለምን እንደሚውል፣ የት እንደሚቀመጥና ስማችሁ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠይቁ። እምቢ ማለት ሕክምና አያስከለክልም።

በቤተሰባችሁ ሕመሙ ካለ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ልጆቻችሁን መራመድ ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ ጫማ አልብሷቸው። ጫማው እግርን የሚሸፍን ይሁን፤ ለትምህርት ቤትና ለበዓል ብቻ ሳይሆን ለእርሻና ለውሃ ቀጂም ይደረግ። ማታ ማታ እግር በሳሙና ይታጠብ፤ በጣቶች መካከልም በደንብ ይድረቅ። የእግር መዳፍ ማቃጠልና ማሳከክ፣ ውሎ የሚያድርና እየተመላለሰ የሚመጣ እብጠት ከታየ ጊዜ ሳትሰጡ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሕመሙ የጀመራችሁም ተስፋ አትቁረጡ። በየዕለቱ መታጠብ፣ ባለሙያ ባዘዘው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ስትቀመጡና ስትተኙ እግርን ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናትም ይህ ቀላል እንክብካቤ ሕመምተኛውን ትኩሳትና ስቃይ አምጥቶ አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ መቆጣት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እግርን መብጣትና መተኮስ ግን ቁስል ያመጣል፤ ተዉት።

ጉዳዩ የግለሰብ ብቻ አይደለም። በወላይታ የተደረገ የኢኮኖሚ ጥናት ሕመምተኞች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን እንደሚያጡ አሳይቷል። በአገር ደረጃ ከ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች እንደሚታመሙ ይገመታል። በሶዶ የተመሠረተው የሞሲ ፉት ማኅበር የዳኑ ሕመምተኞችን ሌሎችን እንዲያክሙና ጫማ እንዲሠሩ በማሰልጠን መንገዱን አሳይቷል። ይህ አገልግሎት በየጤና ጣቢያው የዕለት ተዕለት ሥራ ሊሆን፣ ሳሙናና ቅባትም ከመደርደሪያው ሊጠፉ አይገባም።

እናንተ ጎረቤቶችስ? ሕመምተኛውን ጨብጡት፤ አብራችሁት ብሉ፤ ለልጁ ትዳር ሲጠየቅም «ዘራቸው» ብላችሁ አትመልሱ። ዝምድናን መለወጥ አንችልም፤ የልጅን እግር ከአፈር መጠበቅ ግን እንችላለን።