የመኪናችን ምቾትና የጎረቤታችን ዐይን



እንደሚታወቀው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየግቢያችን የሚያድሩት መኪናዎች ዐይነታቸው ተለውጧል። በተለይም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ለመንገዳችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ከነዚሁ መኪናዎች ጋር ድሮ የማናውቃቸው ጥቃቅን ምቾቶች መጥተዋል። በራሱ የሚበራው መብራት፣ በራሱ ከረጅም ወደ አጭር የሚወርደው መብራት፣ መኪናው ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚቆየው መብራት፣ ሲቆለፍ «ጢጥ» የሚለው ክላክስ፣ እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው።

እኛ እነዚህን ነገሮች አንጠላም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከመሸ በኋላ የአንድ ምቾት ጥቅሙና ጉዳቱ መመዘን ያለበት መሪ ከጨበጠው ሰው በኩል ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ውጭ ካለውም ሰው በኩል ነው። የሠፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የእግረኛ መሄጃ የለውም። ልጆች ዳቦ ገዝተው የሚመለሱት፣ እናቶች ጉሊት ውለው የሚገቡት፣ አረጋውያን ሌሊት ለኪዳን የሚወጡት መኪና በሚያልፍበት በዚያው መንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ረጅም መብራትን እንውሰድ። በራሱ የሚቀንስ መብራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1952 እ.ኤ.አ. «ኦትሮኒክ አይ» የተባለ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና ብርሃን አይቶ ረጅሙን መብራት የሚያወርድ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። የዛሬው በካሜራ የሚሠራ ይሁን እንጂ በዋነኛነት የሚፈልገው ያንኑ የሌላ መኪና መብራት ነው። እግረኛ ግን መብራት የለውም፤ ስለዚህ መሣሪያው ላያውቀው ይችላል። ሹፌሩም «እሱ ራሱ ይቀንሳል» ብሎ እጁን ይሰበስባል። የሰው ዐይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ያንን የለመደ ዐይን አንድ ጊዜ በረጅም መብራት ከመቱት ሰውየው ለአፍታ ምንም አያይም፤ ዕድሜው የገፋ ሲሆን ደግሞ ዐይኑ ቶሎ አይመለስለትም። እግሩ ሥር ያለው ክፍት ቦይ ግን አይጠብቀውም።

«መንገዱ ጨለማ ነው፤ ረጅም ካላበራሁ በምን ልይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የመንገድ መብራት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነውና ለሚመለከተው ክፍል መቅረብ አለበት። ሆኖም በሠፈር ውስጥ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ ያለው ጊዜ ተጨምሮ፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ 10 ሜትር በማይሞላ ርቀት ይቆማል። አጭሩ መብራት ከዚያ እጅግ አልፎ ያሳያል። ረጅሙን የሚያስፈልገን በፍጥነት ስንነዳ ነው፤ በሠፈር ውስጥ ደግሞ በፍጥነት መንዳት የለብንም።

ሁለተኛው የቀን መብራት የሚባለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚወጡ የመኪና ሞዴሎች ቀንም የሚበራ የፊት መብራት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ይህ መብራት ሲበራ የኋላው አለመብራቱ ነው። ድሮ ሹፌሩ መብራት ሲረሳ ዳሽቦርዱ ይጨልምበትና ያስታውሰው ነበር። ዛሬ ዳሽቦርዱ እንደ ቴሌቪዥን ሌት ተቀን ስለሚበራ መብራት ያበራ ይመስለዋል። እኛ አገር ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ጀርባው የጨለመ መኪና ላይ ቢወጣ ጥፋቱ የማን ሊባል ነው? ማጥፊያና ማብሪያውን «አውቶ» የሚለው ላይ ማድረግ፣ ያ የሌለው ደግሞ ሲመሽ በእጁ ማብራት አለበት። አልፎ አልፎም ልጆቻችንን ከኋላ አቁመን «በርቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ሦስተኛው የድምፅ ነገር ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ገብቶ መኪናውን ሲቆልፍ በክላክስ ለሠፈሩ ሁሉ የሚያስታውቅ አለ። መኪናው መቆለፉን ማወቅ ያለበት ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ለዚያም የፍሬቻው ብልጭታ ይበቃዋል። ይህ ድምፅ በብዙ መኪናዎች ከመኪናው ስክሪን ላይ፣ ኋላ በተገጠመ አላርም ላይ ደግሞ በገጣሚው እጅ ሊጠፋ ይችላል። ለዘበኛ ክላክስ መንፋትም እንዲሁ ይቅር፤ ስልክ በእያንዳንዳችን ኪስ አለ፣ አንድ ሚስኮል ይበቃል።

በአንጻሩ ሹፌሩን ቢያሰለችም ልንነካው የማይገባ ድምፅ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ሲል ኮቴ ስለሌለው፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና ወደ ኋላ ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች ተደንግጓል። ያ እዝዝታ የተሠራው ለሹፌሩ አይደለም፤ ማየት ለተሳነው ጎረቤታችንና በር ላይ ኳስ ለሚያባርረው ልጅ ነው። ስለዚህ በመካኒክ አናስጠፋው።

ከጠፋ በኋላ የሚቆየው መብራትም መልካም ነው፤ ብቻዋን አምሽታ የምትገባ እኅታችን በሯን እስክትከፍት ያሳያታል። ነገር ግን ፊት ለፊት ያለው ቤት መስኮት ላይ ተተክሎ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ ጊዜውን ወደ 30 ሴኮንድ ማሳጠር ይቻላል። ከሁሉም ለማንም የማይከብደው ከውስጡ ስፖኪዮ ሥር ያለችው ትንሽ መቀልበሻ ናት። ከኋላ የሚመጣ መብራት ዐይናችንን ሲወጋው እሷን ቀልበስ ማድረግ ብቻ ነው፤ ንዴትም ስድብም አያስፈልግም።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲወሰኑ እናሳስባለን፦ በሠፈር ውስጥ አጭር መብራት ብቻ፤ ሲመሽ የኋላ መብራት መብራቱን ማረጋገጥ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ክላክስ አለመንፋት። አንዱም ገንዘብ አያስወጣም። መኪና ያለንም የሌለንም ከመኪናው ስንወርድ ሁላችንም እግረኞች ነን።