ቀጭን ውርጭ አይናቅ

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በአምባሰል ደጋ የምትኖሩ ሁሉ ውርጭን ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ እንደ ሆነ ባቄላውን ያጠወልገዋል፤ ፀሐይ ስትሞቅም ይጠፋል። ረፋድ ላይ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወርድ መንገደኛ ምልክቱን እንኳ አያይም። ስለዚህ ብዙ ሰው ውርጭን የገበሬ ጠላት ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኔ ግን የአውሮፕላንም ጠላት መሆኑን፣ ከበረራ በፊት የሚደረግ ምርመራም በችኮላ ሊታለፍ እንደማይገባው ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አውሮፕላን ወደ ላይ የሚነሣው አየሩ በክንፉ ገጽ ላይ ሳይታወክ ሲፈስ ነው። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ ውርጭ ክንፉን ቢሸፍነው፣ የማንሣት ኀይሉ እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩ ግፊያ ደግሞ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ትንሽ አውሮፕላን ይህን ጉድለት የሚሸፍንበት ትርፍ ጉልበት የለውም።

«አገራችን የፀሐይ አገር ናት፤ በረዶ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ነገር ግን ልብ በሉ። ወደ ላይ በወጣን መጠን ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ካርቡራተር ያለው ሞተርም አየሩ እርጥበት ካዘለ፣ ነዳጁ ሲተን በሚፈጠረው ቅዝቃዜ የተነሣ በ20 ዲግሪ ሙቀት እንኳ በውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የእኛም ክረምት ከአደጋው ነጻ አይደለም።

ጥር 5 ቀን 1974 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ክንፉ ላይ በረዶ እያለ፣ የሞተሩም የበረዶ መከላከያ ሳይከፈት ተነሣ። ወዲያውም ድልድይ መትቶ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ 78 ሰዎች ሞቱ። ትልቁ እንዲህ ከሆነ ትንሹ ምን ይሆን?

እንግዲህ አብራሪ ክንፉንና ጅራቱን በዐይኑ ከማየት አልፎ በእጁ ሊዳስስ ይገባዋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ በረዶ ዐይንን ያታልላልና። የፍጥነት መለኪያው ቱቦ አለመደፈኑን ይመልከት፤ ከነዳጁ ታንክ ሥር ጥቂት ቀድቶም ውሃ አለመኖሩን ያረጋግጥ። ውርጭ ካገኘ ጨርሶ ሳይወገድ አይነሣ።

ምናልባት ተሳፋሪው በመዘግየቱ ይቈጣ ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በሰማይ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። እናንተም ነገ አብራሪ፣ መካኒክ ወይም ተሳፋሪ ስትሆኑ፣ ለምርመራ ሲል የዘገየውን አመስግኑት እንጂ አታጣድፉት።